በተሰረጎደ ጣሳ ሰፈርኩ

ዲላ እህል ተራ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመደብሩ ባለቤት ጋሽ ታምሩ ጣሳ አስጨብጦኝ «በይ ስፈሪ» አለኝ። እስከ አፉ ብቻ ሞላሁት። ቁጣው! «ቆልለሽ ስፈሪ እንጂ! በላዩ ላይ ለምርቃት አንድ እፍኝ ጣል። ምርቃት ያላገኘ ደንበኛ አይመለስም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ያኔ የኮንጋና የሬኮ ገበሬ ቡናውን ሲሸጥ ጤፉን በኩንታል አስጭኖ ይሄድ ነበር። ኑሮ ሲከብድ ኩንታሉ ሃያ አምስት ኪሎ ሆነ፤ ቀጥሎ አምስት። ከዚያ ሰዉ ጤፉን ከበቆሎ ጋር እየደባለቀ መግዛት ጀመረ። በመጨረሻ ሚዛኑ አቧራ ለበሰና ሁሉም በጣሳ ገዢ ሆነ።

ወይዘሮ ብርቄም ኩንታል ትገዛ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልብስ እያጠበች አራት ልጆች ታሳድጋለች። ጠዋት ጠዋት ትልቋን ልጇን ሰናይትን ትልክና አንድ ጣሳ የበቆሎ ዱቄት ታስገዛለች። የቀኑ ምግባቸው እሱ ነው።

አንድ ሰኞ ስገባ ጋሽ ታምሩ የጣሳውን ቂጥ በመዶሻ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ጠበቀኝ። ምርቃትም ቀርቷል አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ስርቆት ነው» አልኩት።

«ዋጋ ብጨምር ይጮሁብኛል። ይሄን ማን ያያል? ካልተመቸሽ በሩ ያውልሽ!»

ድፍረቱ! እኔም እንጀራዬ ነውና ሰፈርኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ብርቄ ዱቄቱን በፌስታል፣ የቤቷን ጣሳ በሌላ እጇ ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ እያየ ዱቄቱን ጣሳዋ ውስጥ ገለበጠችው። ሁለት ጣት ያህል ጎደለ።

«ከብሩ ለከረሜላ አስቀርተሽ ነው እያልኩ ልጄን ስገርፋት ሰነበትኩ!» አለች። «‹እማዬ፣ በእግዜር አልነካሁም› እያለችኝ!»

ጋሽ ታምሩ ዓይኑን እንኳ አላሸም። «የእኔ ስፍር ሙሉ ነው፤ ሰፋሪዋን ጠይቂያት» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ደሜ ፈላ። ጣሳውን ገልብጬ ቂጡን ለሰው ሁሉ አሳየሁ። «ሙሉ ነው የተባለው ይሄው፤ እዩት!» አልኩ። ያኔውኑ ተባረርኩ።

ወይዘሮ ብርቄ አላመሰገነችኝም። ለምን ታመስግነኝ? ሦስቱንም ቀን ለልጇ የሰፈርኩላት እኔ ነኝ።

እህል ለምትሰፍሩ የምለው ይህን ነው፦ ዋጋ መጨመር ካለባችሁ ጨምሩ። ዋጋ የሰማ ሰው ወይ ይገዛል፣ ወይ ትቶ ይሄዳል። ስፍር የጎደለበት ግን ሌባውን የሚፈልገው ከገዛ ቤቱ ነው።