ገዳዩን ለመንገር

የሒሳብ መምህሩ የአንድ የወንጀል ልብ ወለድ የድምፅ ትረካ ወደ ስልኬ የላከልኝ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ከጎንደር ኮሶዬ እስከሚገኘው ትምህርት ቤታችን በየቀኑ በአንድ ሚኒባስ እንመላለሳለን፤ እሱ ያወራል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ።

«ሰው ሁሉ እያዳመጠው ነው» አለኝ። «ስትጨርሺ ገዳዩን ትነግሪኛለሽ፤ ፒያሳ ጁስ እጋብዝሻለሁ።»

በመምህርነት ከተቀጠርኩ ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ መጨረስ ነበረብኝ።

ማዳመጡ ግን ስቃይ ሆነብኝ። ዶሮ ሲታረድ ከግቢ የምወጣ ሰው ነኝ፤ ተራኪው ደግሞ የሟቿን ቁስል ረጋ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር ይዘረዝራል። ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ ማን ማንን እንደሚጠረጥር ይጠፋኛል። ቤት እንዳላዳምጥ አባቴ ቄስ ነው፤ ወሩ ደግሞ ጾም። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ መዝሙሩን ይለቀዋል። ገና ከከተማው እንደወጣን፣ ወለቃን ሳናልፍ፣ ያመለጠኝን ለመመለስ ስልኩን ስነካው ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ይወረወራል፤ ያቺ ምስኪን እንደገና ትገደላለች። መጀመሪያ አዝንላት ነበር። በኋላ «ቶሎ ሙችና እንለፍ» እላት ጀመር።

የጨረስኩት በሕማማት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚኒባሱን ቆሜ ስጠብቅ ነው። መምህሩ ሲመጣ አየሁት። ሌላ ጊዜ እሱ እስኪጨብጠኝ የምጠብቀው እኔ፣ ገዳዩን በአፌ ይዤ፣ እጄን ዘርግቼ ሄድኩበት።

አልጨበጠኝም። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላው ሸሸጋቸው።

«በሕማማት?»

ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠ፣ በዚያ ሳምንት ማንም ማንንም አይጨብጥም፣ አይስምም። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

«ምነው እቴ፣ የቄስ ልጅ አይደለሽ?» አለች አብራን የምትመላለሰው የአማርኛ መምህርት፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እየሳቀች።

«ይሁዳ ናት፣ ተያት» አለ እሱ። «ዛሬ ማንን ልትሸጪ ነው?»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ሳቁብኝ። እጄን ቦርሳዬ ስር ከትቼ «መጽሐፉን ጨረስኩት» አልኩት።

«የቱን?» ቆይቶ ትዝ አለው። «እሱን? ውይ! እኔ እኮ ገና መጀመሪያው ላይ ነው የተውኩት። ያን ሁሉ ሰዓት ማን ያዳምጣል? ለሁሉም ሰው ነው የላክሁት።»

ጁሱን አላነሳውም። ገዳዩን የጠየቀኝም የለም። ስሜ ግን ይሁዳ ሆኖ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ሲጀመር፣ መምህሩ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ይሁዳ! አሁንስ መጨበጥ ይቻላል» ብሎ እጁን ዘረጋ። «በዓሉን ሙሉ ያን መጽሐፍ ሳዳምጥ ነው የከረምኩት፤ እንቅልፍ ነሳኝ እኮ! ትንሽ ነው የቀረኝ። እኔ ነጋዴውን ጠርጥሬዋለሁ። እንዳትነግሪኝ ብቻ!»

እጁን ጨበጥኩት፤ አልለቀቅሁትምም። ማዳመጫውን ከጆሮው እስኪያወጣ ጠበቅሁ። ሾፌሩ መዝሙሩን ገና አልከፈተውም ነበር። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«የገደለቻት እናቷ ናት።»

ከኋላ «ውይ!» አለች የአማርኛ መምህርቷ። ለካ እሷም አልጨረሰችውም ነበር።