አልጋ ይዘናል

በበዓል ሰሞን ሸዋ ሮቢት ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ልጆቼንና አባቴን መኪና ውስጥ ትቼ ከሆቴል ሆቴል ስዞር እግሬ ዛለ። በመጨረሻው ሆቴል የጣሪያው ማራገቢያ ሲጢጥ ሲል ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ያኔም ለበዓል ስንጓዝ ነበር። ለደብረ ሲና ብርድ የለበስነው ሹራብ በቆላው ሙቀት ገላችን ላይ ተጣብቋል። አባቴ እንዲሁ የሚጮህ ማራገቢያ ያለው ክፍል አግኝቶ መጣና አያቴን፣ «እማማ፣ አልጋ ይዘናል» አላቸው።

አያቴ አማተቡ። «ምነው ልጄ! አልጋ የሚይዝስ በሽተኛ ነው። ማደሪያ አገኘን በል።»

ምኑ እንዳስደነገጣቸው አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ደረጃ ለማይችለው አባቴ ምድር ቤት፣ ዋጋውም የሚቻል ክፍል ተገኘ። መኪናው ጋ ተመልሼ፣ «አባዬ፣ አልጋ...» አልኩና ዋጥኩት። «ማደሪያ አገኘን።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«አይዞሽ» አለ፤ «ገና አልያዝኩም።»