ሳትሞት የተለቀሰላት ልጄ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑን ለመርሳት ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ታሪኩን ለሰው ስናገር መሀሉ ላይ የሚስቁ አሉ። አልቀየማቸውም፤ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ላንድማርክ አካባቢ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሜላት የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ገና በጡት እያለች ጥሎን ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንም። ሜላትን ያሳደግናት እኔና ጸዳለ ነን።

ጸዳለ የሜላት የክርስትና እናት ናት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርትመንት ተጋርተን ስንኖር እኔ ሌሊት ስሠራ እሷ ከልጅቷ ጋር ታድራለች፤ እሷ ቀን ስትሠራ እኔ እውላለሁ። ልጅቷ መጀመሪያ "እማ" ያለችው ማናችንን እንደሆነ ለዓመታት ተከራክረንበታል። እኔ ወደ ቨርጂኒያ ስዛወር እሷ እዚያው ቀረች።

ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ፣ ድስት የምታጥብ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን የምትቀር ሴት ነበረች። መኪና መንዳት ግን አትወድም። ቤልትዌይ የሚሉት ፈጣን ቀለበት መንገድ ላይ ከምወጣ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል ትል ነበር። እኔ ቤት የምትመጣው በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ መብራት በመብራት እየቆመች ነው። ስትደርስ ሰላም ሳንላት እንቀልድባታለን።

ወደ ነገሩ ልግባ። የሜላት ትምህርት ቤት ለታዳጊዎቹ የአነዳድ ትምህርት ይሰጣል። ስለ ፍጥነት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ስልክ ያስተምሯቸዋል። እስከዚህ ድረስ እሰየው ነው። ከዚያ ደግሞ በየዓመቱ ፕሮም የሚሉት የተማሪዎች የዳንስ ድግስ ሲቃረብ አንድ ትዕይንት አላቸው። ጥቁር የለበሰ ሰው ክፍል ውስጥ ይገባና አንድ ልጅ እጁን ይዞ ያወጣል። ያ ልጅ በመኪና አደጋ ሞተ ማለት ነው። ፊቱን ነጭ ይቀቡታል፤ ስልኩን ይቀበሉታል፤ ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ማታም ቤቱ አይመለስም፤ ከሌሎቹ "ሟቾች" ጋር መምህራን ባሉበት ያድራል። በማግስቱ ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ወላጆች የስንብት ቃላቸውን ያነባሉ። እዚህ አገር ሞትም ልምምድ አለው።

ሜላት ከሟቾቹ አንዷ እንድትሆን ተመረጠች። የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ብላ ወረቀት ይዛልኝ መጣች። ሟርት አልወድም፤ ባፍሽም አትጥሪው ብዬ መለስኳት። በነጋታው መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ፕሌይ ነው እኮ። ልጆቹ ሲያዩት ስሎው ያደርጋሉ" አለችኝ። ልጄ ብዙ ነገር የምትለምን ልጅ አይደለችም። ፈረምኩላት።

ለማንም ግን አልተናገርኩም። ለጸዳለም ቢሆን አልነገርኳትም። ብነግራት ጸበል ይዛ እንደምትመጣ፣ ለሳምንትም እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ሜላት የማደሪያ ልብሷን በቦርሳ ይዛ ወጣች፤ እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ከእኛ ሕንጻ ምድር ቤት ዘውዲቱ የምትባል የቤተ ክርስቲያን ሰው አለች። ያን ቀን ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ የወንድሟን ልጅ ልታስመዘግብ ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ የተጨማደደ መኪና ሣሩ ላይ ቆሟል። አጠገቡ የፖሊስ መኪና አለ። ወደ ውስጥ ስትገባ ጠረጴዛ ላይ የልጆች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ አበባ አለ፤ ሻማ በርቷል። ከፎቶዎቹ አንዱ የሜላት ነው። ከሥሩ የተወለደችበት ቀንና የዚያን ዕለት ቀን ተጽፏል።

ዘውዲቱ እንግሊዝኛዋ ለሥራ ብቻ ነው። ጥበቃውን ወደ ፎቶው እያሳየች ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀችው። ሠራተኞቹ ሁሉ ያን ቀን ሐዘንተኛ ሆነው እንዲውሉ ተነግሯቸው ኖሮ፣ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ "ካር አክሲደንት" አላት። ከዚህ በላይ ምን ትጠይቅ? እኔም ብሆን አምን ነበር።

ዘውዲቱ እያለቀሰች ወጣች። ስልኳን አወጣች። ለእኔ ግን አልደወለችም። እኛ ዘንድ ለእናት የልጇ መርዶ በስልክ አይነገርም። የደወለችው ለማኅበራችን ሰብሳቢ ለአቶ ግርማ ነው። እሳቸው የሜላትን ስልክ ሞከሩ፤ ዝግ ነው። ከዚያ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ እየደወሉ እንዳትነግሯት፣ ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ተሰብስበን እናረዳታለን አሉ። ጸዳለንም አንቺ አጠገቧ መሆን አለብሽ፣ ቶሎ ድረሽ፣ እንዳትደውይላት ሲሉ አደራ አሏት።

የዚያን ቀን ስንት ሰው ስለ ልጄ ስልክ እንደተደዋወለ አላውቅም። "ልጅቷ ደህና ናት፣ ጨዋታ ነው" ለማለት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያልተደወለልኝም እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ፓርኪንጉ ውስጥ የማውቃቸው መኪኖች ሞልተዋል። የሕንጻው መግቢያ ላይ ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ ጎንደር ናት፣ ከታመመች ቆይታለች። የፈሩት ይደርሳል አልኩ በልቤ።

አቶ ግርማ ክንዴን ይዘው ቤቴ አስገቡኝ። አስቀመጡኝ። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ ብለው ጀመሩ።

"እናቴ ናት?" አልኳቸው።

"እናትሽ ደህና ናቸው። ሜላት ናት" አሉኝ።

ትዕይንት መሆኑን አውቃለሁ። በገዛ እጄ የፈረምኩበት ነገር ነው። ግን ያን ሁሉ ጥቁር ልብስና ያን ሁሉ ያበጠ ዓይን ሳይ አእምሮዬ ከዳኝ። የምር የሆነ ነገር ቢኖርስ? ጮህኩ። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ሴቶቹም አብረውኝ ጮሁ።

ትንሽ ቆይቶ ዘውዲቱ በለቅሶዋ መሀል ፎቶውን፣ ሻማውንና የተጨማደደውን መኪና ስታነሳ ነቃሁ። ያኔ ሳቅኩ። ልጄ አልሞተችም፣ ድራማ ነው ስላቸው ለቅሶው ባሰበት። አንዷ ውሃ ረጨችብኝ፤ ሁለቱ እጄን ያዙኝ። አቶ ግርማ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ተዉአት ይውጣላት ይላሉ። እኔ እስቃለሁ፤ እነሱ በሐዘን አበደች ብለው ያለቅሳሉ።

እንደምንም እጄን አስለቅቄ፣ ስልኬን አንሥቼ ትምህርት ቤቱ ጋ ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት። ሜላትን አቀረቡልኝ።

"ማሚ፣ ምን ሆናችሁ ነው? አይ አም ኦኬ። ማውራት አይፈቀድልኝም እኮ፣ ሞቻለሁ" አለች።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ዘውዲቱ እግሬ ላይ ወደቀች። አንዲት አሮጊት እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው በሞት የሚጫወቱት እያሉ ትምህርት ቤቱን፣ እኔንም ጨምረው ረገሙ። ለለቅሶ የመጣው ምግብ ተከፈተና መብላት ጀመርን። እንዴት እንደወደቅኩ፣ እንዴት እንደሳቅኩ እያስመሰሉ አሳቁኝ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

"ጸዳለስ?" አሉ አቶ ግርማ በመሀሉ።

ቀድማ የተነሳችው እሷ ነበረች። ደወልን፤ አታነሳም። ሌሎቹ ሲጨነቁ እኔ አልተጨነቅኩም። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የምትመጣው፣ መብራት በመብራት እየቆመች ነው አልኳቸው። ስትደርስ ሜላትን በስልክ አገናኛትና እንዴት እንደምትሆን አያለሁ ብዬ በልቤ እየሳቅኩ ነበር።

ስልኬ ጠራ። ሆስፒታል ነው። የጸዳለ እህት ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።

ያን ቀን በቤልትዌይ ነበር የመጣችው። ቶሎ ለመድረስ ነዋ። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ አካባቢ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሟል። ከፊቷ ከቆመ ትራክ ሥር ገባች። ፖሊሱ በኋላ እንደነገረኝ ስልክ አልያዘችም፣ አልጠጣችም፣ ብዙም አልፈጠነችም። ፍሬን ግን አልያዘችም። ለምን እንዳልያዘች አልገባውም። በእንባ ውስጥ መንገድ እንደማይታይ እኔ ልነግረው አልቻልኩም።

ሜላትን ትዕይንቱን ያዘጋጀችው መምህሯ ወደ ሆስፒታል ይዛት መጣች። ፊቷን በጥድፊያ ታጥባ ነው መሰል፣ ነጩ ቀለም ጆሮዋ ሥር ቀርቷል። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ የጸዳለን እጅ ያዘች። "እማ ጸዲ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም። አይ አም ሂር" ትላታለች። ደጋግማ ትላታለች። ነርሷ ምናልባት ትሰማ ይሆናል፣ አናግሪያት አለቻት። ልጄ ድምፅዋ እስኪዘጋ አናገረቻት።

ጸዳለ ሳትነቃ አረፈች። ሰምታ ከሆነ አንድዬ ያውቃል። እኔ ግን አልሰማችም ብዬ ነው የማስበው። ያሳደገቻት ልጅ ሞታለች ብላ አምና ሄደች። ከሁሉም ይህ ያቃጥለኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሜላት ከተቀመጠችበት ድንገት ተነሥታ "ክላስ ውስጥ ተምረነዋል። ኧፕሴት ስትሆኝ ዶንት ድራይቭ ይላል። ቴስት ላይም መጥቶልኛል፣ አግኝቼዋለሁ" አለችኝ። እኛ መርዶ ሰምተን ማን ቁጭ ይላል? ቁልፍ አንሥተን እንሮጣለን። የዘገየ ይታማል። አንድም ቀን ያለቀሰ ሰው መሪ አይያዝ፣ ሌላ ሰው ይንዳለት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አሁን ለቅሶ በተሰማ ቁጥር እየደወልኩ ማን ነው የሚነዳው ብዬ እጠይቃለሁ። የሚሰለቹኝ አሉ። ይሰልቹኝ።

መምህሯ ፍትሐቱ ላይ መጥታ ጥግ ቆማ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልጆች እንዳይሞቱ ብላ ነው። ትዕይንቱን ዘንድሮ አላደረጉትም። ዘውዲቱ እስካሁን ቀና ብላ አታየኝም። የሕንጻው መግቢያ ላይ ስንገናኝ ምንም አላደረግሽም እላታለሁ። የምሬን የምለው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሜላትም መንጃ ፈቃድ አላወጣችም። በአውቶቡስ ትሄዳለች። ተለማመጂ አልላትም።

የጸዳለን አስከሬን ወደ አገር ቤት፣ ደብረ ብርሃን ላክን። ለወንድሟ በስልክ ስነግረው ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ነው አልኩት። የማን ለቅሶ ሲለኝ የጓደኛዋ ልጅ ሞታ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? በጨዋታ ለሞተች ልጅ ነው ብዬ ለዚያ ቤት እንዴት ልንገር? ለእናቷም እንደዚያው ነገሯቸው።

እናቷ በጣም አርጅተዋል። በየወሩ እደውልላቸዋለሁ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

"ያቺ ልጇ የሞተባት ሴት እንዴት ሆነች? ተጽናናች?"

"ደህና ናት እማማ" እላቸዋለሁ።

"የልጅ ሞት ክፉ ነው። እኔም አየሁት። እግዜር ያጥናሽ ብለውሻል በያት።"

"እሺ እማማ፣ እነግራታለሁ።"

ስልኩን ስዘጋ ሜላት አጠገቤ ናት፤ አማርኛው ሁሉ ይገባታል። ልጄ በሕይወት ስላለች አምላኬን አመሰግናለሁ። ለእኚያ እናት ግን ሴትዮዋ እኔ ነኝ፣ ልጄም አልሞተችም ለማለት እስካሁን አልደፈርኩም።