እባክዎ መስመሩ ላይ ይጠብቁ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሐኪሙም፣ ጥበቃውም፣ ልብስ አጣቢዋም «ማዞሪያው» ነበር የሚሉት። ከዋናው ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስልክ ሲያገናኝ የኖረ ሰው ነው። ሰባት ዓመቱ ላይ ኩፍኝ ዓይኖቹን ወስዶበታል። «ጆሮዬን ግን ረስቶት ሄዷል» እያለ ራሱ ይቀልድ ነበር። መቶ ስልሳውን የውስጥ መስመር በቃሉ ይዟል። ደዋዩ ገና አፉን ሳይከፍት በአተነፋፈሱ ብቻ ጉዳዩ የጭንቅ ይሁን የቀጠሮ ይለያል። የጭንቅ ከሆነ ስም ሳይጠይቅ፣ ሰላምታ ሳያበዛ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያዞራል።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ደውለው «ያንን ዶክተር አገናኘኝ» አሉት።

«የትኛውን ዶክተር፣ እማማ?»

«ስሙ ጠፋኝ። ሲስቅ ሳል የሚያፍነው።»

«ይጠብቁኝ» አለና ሦስተኛ ፎቅ አጥንት ክፍል አዞራቸው። አልተሳሳተም። ሚስቱ ይህን ወሬ ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እሷው ነበረች የምታወራው።

ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከእሱ ጋር የጫማ ሳጥን የምታህል ዕቃ መጣች፤ ደረጃው ሥር ተገጠመች። ያለ ሰው እጅ ስልክ ታነሳለች፣ ታናግራለች፣ ታገናኛለች ተባለ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ለማስቀረት አይደለም፤ ሥራውን ለማዘመን ነው» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«ሲዘምን እኔ የት እቀመጣለሁ?»

«እሱን እናየዋለን። ለጊዜው ድምፅዎን እንፈልገዋለን። ሕዝቡ የለመደው እርስዎን ነው።»

ሁለት ጠዋት አንዲት ዝግ ክፍል አስገብተው አስነበቡት። ቃላቱን በብሬል ጽፎ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ለካርድ ክፍል አንድን ይጫኑ፣ ለተመላላሽ ሕክምና ሁለትን ይጫኑ፣ እየተባለ ይሄዳል። ድንገተኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ።

«ድንገተኛ ለምን ስድስተኛ ሆነ?» ሲል የሚቀዳውን ባለሙያ ጠየቀው።

«ብዙ ሰው የሚፈልገው ነው ፊት የሚመጣው።»

«የቸኮለ ሰው እስከ ስድስት ቁጭ ብሎ ይሰማል?»

«ሲለምዱት ያውቁታል፣ ጋሼ። ይልቅ ትንሽ ፈገግ ብለው ያንብቡት፤ ፈገግታ በድምፅ ይታወቃል።»

ፈገግ ብሎ አነበበው። «ምርጫዎን አላስገቡም፤ ስለደወሉ እናመሰግናለን» የሚለውንም ፈገግ ብሎ አነበበው። በሦስተኛው ወር ደብዳቤ ተሰጠው። ቤት ወስዶ ለሚስቱ ሰጣት፤ አንብባ ጨረሰችና «ጡረታ ወጥተሃል ይላል» አለችው። ጡረታው ከመደበኛው ዕድሜ አራት ዓመት ቀድሞ ነበር።

ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስቆጠረች መምህርት ናት። የደም ግፊት አለባት፤ ክኒኗን አንድ ቀን ትውጣለች፣ አንድ ቀን ትረሳለች። ሌላ ከተማ የምትሠራው አንዲት ልጃቸው፣ አባቷ ቤት መዋሉ አሳዝኗት፣ የሚናገር ስልክ ላከችለት። ጣት ያረፈበትን ሁሉ በድምፅ የሚያነብ ነው። እሱ ግን ከመጀመሪያው አልወደደውም።

«ይሄ ስልክ ነው ሳሙና?» አለ እያገላበጠ። «አፍንጫ የሌለው ፊት እኮ ነው። የቱ ጋ እንደያዝኩት በምን አውቃለሁ?»

እንደምንም ተለማመደው። የልጁ ቁጥር ከላይ በስተቀኝ፣ መደወያው ከታች በስተግራ መሆኑን በልቡ ያዘ። ሲለምደው ደግሞ ስልኩ በገዛ ፈቃዱ አፕዴት ያደርግና አንድ ጠዋት ሁሉም ቦታ ተቀያይሮ ይገኛል። ቤቱን ሌባ ገብቶ ዕቃውን ሳይሰርቅ አዘዋውሮበት የሄደ ያህል ይናደዳል። አንዳንዴም ማስታወቂያ ከየት መጣ ሳይባል ዘሎ ይሸፍንበታል፤ የመዝጊያዋ ምልክት ደግሞ ድምፅ የላትም። ከሁሉ የከፋው ግን ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ የሚለው ነው። መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ ይለዋል፤ ሚስቱን ይጠራል።

«እኔን ከሥራ ያባረረኝ ሮቦት፣ አሁን ደግሞ እኔ ሮቦት አለመሆኔን ላረጋግጥለት?» ይላታል።

«አርፈህ ስጠኝ» ትለዋለች እየሳቀች። እሷ ትጫንለታለች። እሷ እስካለች ድረስ ነገሩ ቀልድ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሚስቱ ልብስ ስትተኩስ እሱ አጠገቧ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። «ያንን... ያንን...» አለች። የምትለው የጠፋት መስሎት ጠበቃት። ቀጥሎ ያወጣችው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም፤ ምላሷ አፏ ውስጥ የከበደ ይመስል ነበር። የወንበሩን መውደቅ ሰማ፣ ከዚያ የእሷን። የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተው። በዳሰሳ ደርሶ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለ፤ ተንበርክኮ ፊቷን ዳሰሰ። አፏ በአንድ በኩል ወርዷል። ቀኝ እጇን ጨበጠ፤ አልጨበጠችውም።

ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰዎች ይህንኑ በስልክ ሲነግሩት ሰምቷል። አፏ ተጣመመ፣ እጇ አልታዘዝ አለ፣ የምትለው አይገባንም ይሉታል። እያንዳንዷ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነችም ያውቃል። በሰከንድ ውስጥ ነበር ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባቸው።

«አይዞሽ፣ አለሁልሽ» አላትና ስልኩን አነሳ።

«አዲስ ገጽታ ተጭኗል» አለው ስልኩ። «ለመቀጠል ውሎቹን አንብበው ይስማሙ።» ጣቱን አንሸራተተ። ስልኩ ውሎቹን ማንበብ ጀመረ። ወደ ታች ወረደ፤ «ቁልፍ» አለው። ሌላ ነካ፤ «ቁልፍ» አለው። የቱ መስማሚያ፣ የቱ መመለሻ እንደሆነ አይናገርም። አንዱን ተጫነ፤ ውሎቹ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ መስታወቱን አራሰው፤ እርጥቡን ጣት ደግሞ ስልኩ አልቀበል አለ። በሸሚዙ ጠረገውና እንደገና ሞከረ። ስንት ጊዜ እንደሞከረ አያውቅም። አንዴ ተሳካና መደወያው ተከፈተ፤ የሆስፒታሉን ቁጥር አንድ በአንድ እየፈለገ አስገባ።

ስልኩ ተነሳ።

«ወደ ሆስፒታላችን እንኳን በደህና ደወሉ» አለ የገዛ ድምፁ፣ ፈገግ ብሎ። «ለካርድ ክፍል አንድን ይጫኑ።»

ስድስትን ለመጫን ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ወደ ጆሮ ሲጠጋ የሚጨልመው መስታወት ሲወርድ ይነቃል፤ ሲነቃ የሚያነበው ድምፅ መናገር ይጀምራል። አሁን በስልኩ የምታነበው የማያውቃት ሴትና የተቀዳው የራሱ ድምፅ እኩል ያወሩ ጀመር። ከሁለቱ መሐል የሚስቱን ትንፋሽ ለማዳመጥ ይሞክራል። የቁጥር ሰሌዳው የቀድሞ ቦታው ላይ የለም።

«ምርጫዎን አላስገቡም። ስለደወሉ እናመሰግናለን።» ተዘጋ።

ደገመ። ይህን ጊዜ ዘጠኝን ነካና ምርጫው ትክክል አይደለም ተባለ። ስልኩን ወለሉ ላይ ጥሎ በሩን ከፍቶ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ጮኸ። የሥራ ሰዓት ነው፤ ሕንፃው ጭር ብሏል። ፊት ለፊት ያለውን በር በቡጢ ደበደበ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚሠራ ወጣት ጎረቤት ነበረው፤ ከበሩ ጀርባ የወንበሩ መንኮራኩር ሲንከባለል ይሰማዋል። ግን አልከፈተም። ሚስቱን ብቻዋን ትቶ ሦስት ፎቅ መውረድ አልቻለም፤ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሙከራ ስድስትን አገኛት።

«ሁሉም ሠራተኞቻችን ሌሎች ደንበኞችን እያስተናገዱ ነው» አለው ድምፁ። «በተራ ሰባተኛ ነዎት። እባክዎ መስመሩ ላይ ይጠብቁ።» ከዚያ ሙዚቃ።

«እኔ ነኝ እኮ» አለው ለማሽኑ። «ስማኝ፣ እኔ ነኝ።»

አምስተኛ ሲሆን መስመሩ ተቋረጠ። ወለሉ ላይ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ እንደ ሕፃን አነባ። በልቅሶው መሐል የላቦራቶሪው ቀጥታ መስመር ትዝ አለው። በማዞሪያ የማያልፍ፣ ለደም ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል አሮጌ ቁጥር ነበር። አስገባው። ሁለቴ እንደጠራ አንዲት ሴት አነሳች።

«ላቦራቶሪ።»

ትንፋሹን ብቻ ሰማች መሰለው። «ማን ነው?» ስትል ሰማት፤ ከዚያ «ጋሼ? ጋሽ ማዞሪያ?»

«ባለቤቴ» አላት። «አፏ ተጣሟል፣ ቀኟ አይታዘዝም። ቤት ነን፤ ታውቂዋለሽ።»

«አይዝጉት። እየሮጥኩ ነው።»

አምቡላንሱ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰ። ሚስቱ ከወደቀች ግን ሰዓት ከሃያ አልፎ ነበር። ያከማት ሐኪም እሱን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሊዋሸው አልፈለገም። «ሕይወቷ ተርፏል» አለው። «የንግግሯ ነገር ግን ተጎድቷል። ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ...» ብሎ ተወው።

ያቺ ያልተጨረሰች አረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችው። ማሽኑን ከረገመ በኋላ ወደ ራሱ ይመለሳል። ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ለምን መጀመሪያ አላሰብኩትም? ለምን የጎረቤት በር አንኳኳሁ? ልጁ ሥራዋን ጥላ መጥታ «አባዬ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ትለዋለች፤ አይሰማትም። የፊት ለፊቱ ወጣትም መጣ። «ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ። ቤት ነበርኩ እኮ» አለና ደጃፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

በሁለተኛው ወር ልጁ ክንዱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወሰደችው።

«ድምፄን አውጡልኝ» አለ። «አለበለዚያ ምንም ቁጥር ያልተጫነውን ሰው ወደ ድንገተኛ አዙሩት። አመስግናችሁ አትዝጉበት። የማይጫን ሰው መጫን ያቃተው ነው።»

«ጋሼ፣ በደረሰው በጣም አዝኛለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን ቅጂው የሲስተሙ ነው፤ እኔም ልነካው አልችልም። ጥያቄው በድረ ገጽ በኩል መግባት አለበት።»

ልጁ እዚያው ቁጭ ብላ ሞላችው። ወዲያው መልስ መጣ፤ አነበበችለት። «አስተያየትዎ ለእኛ ዋጋ አለው። አገልግሎታችንን በስንት ኮከብ ይመዝኑታል?» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልመጣም።

እሱም ቤቱ ገባና ጎረቤቱን ጠራ። በቃሉ የያዛቸውን የሆስፒታሉን ቀጥታ መስመሮች አንድ በአንድ ነገረው፤ ወጣቱ በትልቁ ጽፎ ሕንፃው መግቢያ ላይ ለጠፈው። ሰዎች ፎቶ እያነሱ ለየዘመዱ ላኩት። ወር አልሞላም፣ መስመሮቹ በማይመለከታቸው ጥሪ ተጨናነቁ ተብሎ ሁሉም ወደ ማሽኑ ገቡ። የላቦራቶሪዋ ሴት ራሷ ቤት ድረስ መጥታ ነገረችው። «አሁን እኛ ጋም ሲደወል እርስዎ ነዎት የሚያነሱት» አለችው። አንገቱን ደፋ። ወጣቱ ወረቀቱን ሊገነጥል ወረደ፤ ሰው የሚሞትበት ቁጥር ለጥፌ ልተወው አልችልም አለ።

ልጁ ከሥራዋ የፈቀዱላት ጊዜ አልቆ ተመልሳለች። አሁን ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሚስቱን ግራ እጇን ይዞ ዕቃ ያስነካታል። ሲኒ ያስይዛትና «ሲኒ» ይላል። መሐረብ ያስይዛትና «መሐረብ» ይላል። ሠላሳ ዓመት ልጆች ያስተማረችበት አፍ አንዳንድ ቀን ምንም አይወጣው፤ አንዳንድ ቀን የማይገናኝ ቃል ያወጣል። ስትናደድ ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ትመታለች። እሱ ዝምታዋን ያዳምጣል። የማንንም ዝምታ ያውቅ የነበረ ሰው፣ የእሷን ገና እየተማረ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከመኝታ ቤት ጠራችው። ስሙን ፈልጋ እንደነበር ከድምፅዋ አወቀ፤ ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ተወችው።

«በር» አለችው መጨረሻ ላይ። «በር... በር...»

«አቤት» አላት፣ እየዳሰሰ ወደ እሷ እየሄደ። «መጣሁ።»