ቀለበት ያልያዘ ግንዱን አይነካም

ኣቦይ ወልደኣብ ደክሟቸው ነበር። ድካሙ የዛሬ አይደለም። ባቡሩ ከቆመ ጀምሮ አብሯቸው የሚኖር፣ ጠዋት አብሯቸው የሚነሳ፣ ከሰፈራቸው ከገዛ ባንዳ እስከ መሥሪያ ቤት አብሯቸው የሚሄድ፣ ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቀድሟቸው የሚቀመጥ ድካም ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ሰው ሲጠይቃቸው ግን «ስልሳ» ይላሉ። ያቺን አንድ ዓመት ለይቶ ለመጥራት ጉልበት የላቸውም።

በወጣትነታቸው አስመራ ባቡር ጣቢያ ሃዲድ ቀያሪ ነበሩ። ወደ ምጽዋ የሚወርደው ሃዲድ አንድ ነው፤ በአንድ ሃዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ከተገናኘ የሚቀረው ለቅሶ መድረስ ነው። ለዚህ ሲባል የሰሃን ከንፈር የሚያክል የነሐስ ቀለበት ነበረ። ቀለበቱን የያዘ ነጂ ይገባል፤ ያልያዘ ይጠብቃል። ቢቸኩልም፣ ቢሳደብም፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ብትሆንም ይጠብቃል። ወልደኣብ ሃዲዱ ዳር ቆመው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ነጂው ባቡሩን ሳያቆም ቀለበቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ያልፋል።

ከዚያ ጦርነቱ ከረረ፣ ባቡሩ ቆመ፣ ሃዲዱን ነቅለው ምሽግ ሠሩበት። የወልደኣብ የሥራ ወረቀት የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ከባቡር የቀራቸው ያ ቀለበት ብቻ ነው፤ እሱንም ሚስታቸው ጽገ ለብዙ ዓመት የድስት ማስቀመጫ አርጋው ኖረች።

ነጻነት ሲመጣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወረቀት ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። የከተማውን ተማሪዎች «አንተ እዚህ ትምህርት ቤት፣ አንቺ እዚያ» እያለ የሚመድብ መሥሪያ ቤት ነው። ለምደባው ሁለት ኮምፒውተር መጣ፤ ከኮምፒውተሮቹ ጋር ደግሞ ሁለት ሰው።

አንዷ ሓርነት ናት። ታጋይ ነበረች፤ ኮምፒውተር የተማረችው ሳሕል ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ በጄኔሬተር ነው። ሌላው መስፍን ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፣ የተማረውም እዚያው ነው፤ ወደ ወላጆቹ አገር ሲመጣ ትግርኛው ሻሂ ለማዘዝ ብቻ የሚበቃ ነበር። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው። ሓርነት ስትናደድ በትግርኛ ትሳደባለች፣ መስፍን አይገባውም። መስፍን በአማርኛ ይቀልዳል፣ ሓርነት እየገባት እንዳልገባት ትሆናለች። በዚህ ዓይነት ተስማምተው ይሠሩ ነበር።

ያልተስማሙት በዲስኩ ነው። የምደባው ፕሮግራም በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ነው የሚቀመጠው። ጠዋት ሓርነት አንድ ነገር ታስተካክላለች፤ ከሰዓት መስፍን ትናንት በገለበጠው ላይ የራሱን ያስተካክልና እላዩ ላይ ይጭነዋል። የሷ ጠፋ። በማግስቱ እሷ ትጭናለች፣ የሱ ጠፋ። አንድ ወር ሙሉ ሲሠሩ ከርመው ፕሮግራሙ ከጀመረበት ፈቀቅ አላለም።

አለቅየው አቶ ሃይለኣብ ወልደኣብን ጠሯቸው።

«እርስዎ ባቡር ቤት ነበሩ አይደል?»

«እወ።»

«ይበሉ እነዚህን ልጆች እንዳይጋጩ ያርጉልኝ።»

ወልደኣብ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ሻሂ እንደማይፈስበት ብቻ ነው። ግን በማግስቱ ቀለበቱን ከድስት ሥር አውጥተው መጡ። ግድግዳው ላይ ምስማር መቱና ሰቀሉት። ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ዋናውን ዲስክ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቆለፉ፤ ስሙንም ግንድ አሉት። መሥራት የፈለገ ከግንዱ ቅጂ ይወስዳል፤ ያ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ላይ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው፣ ለምን እንደወሰደው ይጻፋል። በቅርንጫፉ እንደልቡ ይጫወትበት፤ ቢያበላሽ የራሱን አበላሸ። ሲጨርስ ሐሙስ ሐሙስ ይመልሳል፣ ቀለበቱን ይይዛል፣ ሥራው ከግንዱ ጋር ይዋሃዳል፣ ያለቀለት ቅርንጫፍ ይደመሰሳል። ቀለበት ያልያዘ ግንዱን አይነካም።

ማዋሃዱ የራሳቸው የወልደኣብ ሥራ ሆነ። ሁለቱን ፕሮግራም በዚያ ዳር ዳሩ በተበሳሳ ስስ ወረቀት ያሳትማሉ፤ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ያነባብሩና መስኮቱ መስታወት ላይ ይለጥፉታል። ፀሐይ ከኋላ ስትመጣ አንድ ዓይነት የሆነው መስመር አንድ መስመር ሆኖ ይታያል፤ የተለያየው ይጠቁራል። የጠቆረውን በቀይ እርሳስ ያከብባሉ፤ ልጆቹ ያንን አይተው ያስተካክላሉ። የፕሮግራሙን ቋንቋ ማንበብ አይችሉም፤ መለያየቱን ግን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ በዓለም የመጀመሪያው በፀሐይ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው» አለ መስፍን።

«ሥራህን ሥራ» አሉት።

ነገሩ ሠራ። የሠራ ነገር ደግሞ አይተዉትም። የንብረት ክፍል ሰው መጣና ቀለበቱ ላይ በነጭ ቀለም «114» ብሎ ጻፈበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጽገ ድስት ማስቀመጫ የመንግሥት ንብረት ሆነ።

ነጻነት በመጣ በአምስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ መንግስትኣብ ቢሮ ድረስ መጣ። መንግስትኣብ የድሮ የባቡር ነጂ ነው፤ ሰባ አልፎታል፣ ጆሮው ከባድ ነው፣ ስለዚህ የሚያወራው ሁሉ አዋጅ ነው።

«ወልደኣብ ሓወይ፣ ወንድሜ! ባቡሩን ሊያስነሱት ነው! ሽማግሌ ሁሉ እየተጠራ ነው!»

«ማነው የሚሠራው?»

«እኛ ነና! ሌላ ማን ያውቀዋል? ምዝገባው ቅዳሜ ቀትር ላይ ይዘጋል። ማስረጃ ይዘህ ና።»

«ታውቀኝ የለም እንዴ?»

«እኔ ባውቅህ ምን ዋጋ አለው! አገሩ ሁሉ ባቡር ቤት ነበርኩ ይላል። ትናንት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነጂ ነበርኩ ብሎኝ ሄደ። ወረቀት፣ ካልሆነ ዕቃ አምጣ ተብሏል። ቀለበትህ አለ አይደል?»

ወልደኣብ ምስማሩን ቀና ብለው አዩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲደክሙ እንዲህ ያለ ድካም አልመጣባቸውም።

አቶ ሃይለኣብ ክፉ ሰው አይደሉም። ወልደኣብ ሥራ ለቀው ቀለበቱን ይዘው ሊሄዱ መሆኑን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ኣቦይ ወልደኣብ፣ ቀለበቱ መዝገብ ላይ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ቅርንጫፉ ሁሉ ገብቶ አንድ ዲስክ ብቻ ከቀረ ቀለበት አያስፈልግም። እስከ ዓርብ አንድ አርገው ያስረክቡኝ፣ መሰናበቻውንም ቀለበቱንም እፈርማለሁ» አሏቸው።

በደንቡ መሠረት ውጭ ያለው ቅርንጫፍ ሁለት ነው፤ የሓርነትና የመስፍን። ወልደኣብ ለጥንቃቄ «ሌላ የደበቃችሁት አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም የለም አሉ። እስከ ማክሰኞ ማታ ሁለቱን ቅርንጫፍ ጨምሮ ዘጠኝ ዲስክ ወጣ። አራቱ ከሓርነት የትግል ቦርሳ፤ አንዱ ካልሲ ውስጥ ነበር። አምስቱ መስፍን ከሚኖርበት ከአክስቱ ቤት፣ ፎርቶ ኮረብታ ሥር፣ ከፍራሽ ሥር።

«ደምስሱ አላልኩም?»

«ኣቦይ፣ ምናልባት ቦምብ ቢመታን ብዬ ነው» አለች ሓርነት።

«ጦርነቱ አልቋል እኮ።»

«እሱ አልቋል። ልማዱ ነው ያላለቀው።»

«አንተስ? አንተን ማን ሊመታህ ነው?»

«እኔ የሷን አይቼ ነው» አለ መስፍን።

ይህ አገር እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲቃጠልበት የኖረ ሰው የማንኛውንም ነገር ትርፍ አንድ ቦታ ሳይቀብር እንቅልፍ አይወስደውም። ወልደኣብ ዘጠኙንም አሳትመው መስኮቱ ላይ ለጥፈው አዩ። ሰባቱ የሞቱ ናቸው፤ ሥራቸው ድሮ ግንዱ ውስጥ ገብቷል። አስደመሰሷቸውና ሁለቱን ልጆች አስማሉ፦ ከእንግዲህ የተደበቀ ቅጂ የለም።

የቀሩት ሁለቱ ቅርንጫፎች ረቡዕ ዕለት ተጋጩ። የሓርነት ቅርንጫፍ ወንድምና እህት አንድ ትምህርት ቤት ይግቡ ይላል። የመስፍን ደግሞ ልጅ ለቤቱ ቅርብ ወደሆነው ይግባ ይላል። ሁለቱ ሲዋሃዱ ሃይሚ የምትባል የገዛ ባንዳ ልጅ ሁለት ቦታ ተመደበች፤ ሰፈሯ፣ ደግሞም ወንድሟ የሚማርበት ፎርቶ አጠገብ። በአንድ ጠዋት።

«የኔ ይቅደም፣ ልክ ነው» አለ መስፍን።

«ያንተ ልክ የሆነው ወንድም ስለሌለህ ነው» አለች ሓርነት፤ የቀረውን በትግርኛ ጨረሰችው።

ወልደኣብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስሙኝ። ሁለት ባቡር ሲገናኝ ቅድሚያ የሚሰጠው ዳገት ለሚወጣው ነው። ቁልቁል የሚመጣው ፍሬን ይዞ መጠበቅ ይችላል። ዳገት ላይ ያለውን ካቆምከው እንደገና ማስነሳቱ መከራ ነው። ሁለት ልጅ ይዛ ሁለት ትምህርት ቤት የምትሮጥ እናት ዳገት ላይ ናት። የሷ ይለፍ። ወንድም እህት የሌለው ደግሞ በመስፍን ሃዲድ ይሂድ።»

መስፍን ትንሽ አጉረመረመ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሠርተው አዋሃዱት። ሃይሚ አንድ ቦታ ገባች። ዓርብ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ አንድ ዲስክ ብቻ ነበር። ወልደኣብ ሳጥኑን ከነቁልፉ፣ ቀለበቱንም ቁጥሩ እንዲፋቅ ለአቶ ሃይለኣብ አስረክበው፣ የዓመታት ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀስ ብለው ወደ ምሳ ሄዱ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሲመለሱ መሰናበቻው ተፈርሟል፣ ቁጥሩ ተፍቋል፣ ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማተሚያው ደግሞ የተማሪዎቹን ዝርዝር እያንጫረረ ያወጣል። ሓርነት ወረቀቱን ይዛ ደርቃለች።

«ይሄ የሰኔው ነው። የሁለት ወር ሥራ የለም።»

መስፍን ዲስኩን ከፍቶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «ማነው ግንዱን የነካው?»

አቶ ሃይለኣብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰኔ ላይ እሳቸውም ለክፉ ቀን ብለው አንድ ቅጂ መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠው ኖሯል። የእህታቸው ልጅ ቤት ስለቀየረች በዚያ ቅጂ ላይ አድራሻዋን አስተካክለዋል። ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ሰው እንዳያስቸግሩ ብለው፣ ራሳቸው ግንዱ ላይ ጫኑት።

«ደንቡን ግን አልጣስኩም» አሉ። «ቀለበቱን ይዤ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በአንድ እጃቸው ቀለበቱን ይዘው በሌላው ነው የጫኑት።

ሓርነትና መስፍን እርስ በርስ ተያዩ። የደበቁትን ሁሉ አውጥተው፣ ምለው፣ ደምስሰዋል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ሃይሚና ወንድሟ ሁለት ትምህርት ቤት ሊሆኑ ነው፤ እንደነሱ ያሉ ደግሞ አራት መቶ ናቸው።

ወልደኣብ መሰናበቻውን አዩ። ቀለበቱንም አዩ። አንስተው ቢወጡ የሚጠይቃቸው የለም፤ ተፈርሟል። ነገ ቀትር ላይ የባቡር ሰው ናቸው። ግን ደግሞ የምሳ ሳጥናቸው ብብታቸው ሥር ከብዷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ከፈቱት፣ ከዳቦው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ዲስክ አወጡ። ሐሙስ ማታ፣ ሁሉም ሲወጣ፣ መስፍን ያሳያቸውን የኮምፒውተር ቁልፍ ተጭነው ገልብጠውት ነበር።



«ኣቦይ ወልደኣብ!» አለች ሓርነት። «እርስዎም?»

«እኔስ የት አገር ያደግኩ መሰለሽ?»

መስፍን ሳቀ፣ ከዚያ ሮጦ ዲስኩን ከተተው። ዳቦ ዳቦ ይሸታል እንጂ ደህና ነው፤ ሁሉም አለበት። አቶ ሃይለኣብ በጣም ደስ አላቸው። «የቐንየለይ፣ የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑና፣ ወዲያው ዝቅ ባለ ድምጽ፣ «እኔ ግን ለዛሬ ብቻ አንድ ቅጂ ብወስድስ?» አሉ። በዚያው ቅጽበት ሓርነትም መስፍንም ቅጂ ሊወስዱ ወደ ዲስኩ እጃቸውን ሲሰዱ ተጋጩ።

ወልደኣብ ሦስቱን ተራ በተራ አዩ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ቀለበቱን አነሱና ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት።

«ሳጥኑን ሓርነት ትያዝ። መስኮቱን መስፍን። ቀለበት የሚሰጥ ሰው ደግሞ የሚመጣው ባቡር ከየት እንደተነሳ፣ ቅጂው የመቼ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ይጠይቅ። ይሄን ሳላስተምራችሁ ቀርቼ ነው።»

«ማስረጃዎስ?» አሉ አቶ ሃይለኣብ።

«ደክሞኛል» አሉና ወጡ።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያው ደረሱ። መንግስትኣብ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቷል፤ አግዳሚው ላይ አራት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል።

«ቀለበቱስ?» ብሎ ጮኸ።

«ሥራ ላይ ነው።»

«ያለ ማስረጃ አልችልም፣ ሓወይ! ዳቦ ጋጋሪውን መልሼ አንተን ባስገባ ምን ይሉኛል?»

ወልደኣብ ሰዓታቸውን አላዩም፣ አልለመኑም። ዘወር ብለው ከመነቀል ወደ ተረፈው ሃዲድ ዳር ሄዱና ቆሙ፤ ለመሄድ እንኳ ጉልበት አጡ። መንግስትኣብ ዓይኑን ጨፈን አርጎ ከኋላ አያቸው። ከዚያ ተነሳ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ሰባ ዓመቱን ተሸክሞ፣ እያፏጨ፣ በሃዲዱ ላይ እየሮጠ መጣባቸው።

የወልደኣብ ክንድ ራሱ ተነሳ። ማንም አላዘዘውም። ከክርኑ ትንሽ ታጠፈ፣ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሸሸ፣ የግራ እግራቸው እንዳይጎተቱ ድንጋዩን ረገጠ። መንግስትኣብ በዚያ በሌለው ቀለበት ውስጥ ክንዱን አስገብቶ አለፈ፤ ወልደኣብም በትክክል በጊዜው ለቀቁት።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች አጨበጨቡ። አንዱ ዓይኑን ጠረገ፤ አቧራ ነው አለ።

መንግስትኣብ እያለከለከ ተመልሶ ደብተሩን ገለጠ። «ይሄን ዳቦ ቤት አያስተምሩም» አለ። ወልደኣብ ብሎ ጻፈ፤ ማስረጃ በሚለው ቦታ ላይ «ክንድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየና ከኮቱ ውስጥ ሌላ ደብተር አወጣ፣ እዚያም ላይ መጻፍ ጀመረ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ ወልደኣብ።

«ትርፍ ነው፤ ቤት የማስቀምጠው። ምናልባት ያኛው ቢቃጠል።»

«የትኛው ነው ዋናው?»

መንግስትኣብ አሰበ። «ሁለቱም» አለ።

ወልደኣብ ሁለቱን ደብተር ከእጁ ወሰዱ፣ አንዱን ገጽ በሌላው ላይ ደረቡ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ጣቢያው መስኮት ሄዱ።