ጥሩ ቦታ የተቀመጠ ቁልፍ

መኪናዬ ቁልፍ አይዞርባትም። ፍሬን ረግጦ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ክብ ማስነሻ መጫን ብቻ ነው። ቁልፉ ውስጧ እስካለ ድረስ ትነሳለች። ሻጩ ይህን ሲያሳየኝ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ መድኃኒት የምሸጥ ሴት ነኝ፤ እጄ ሁልጊዜ ዕቃ ይዞ ነው የሚውለው፤ ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳ መበርበር ደግሞ አልወድም። ዛሬ ግን ሰው ስለ እንዲህ ዓይነት መኪና ምቾት ሲያወራልኝ ተነሥቼ መሄድ ያምረኛል። እንደ ድሮዎቹ መኪኖች ቁልፏ መሪው ሥር ተሰክቶ የሚውል ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ እህታቸውን በሕይወት ያገኟቸው ነበር።

አባቴ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ያረጁ መሪጌታ ናቸው። አክስቴ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ወገዳ ተድረው እዚያው ወልደው ከብደው ኖሩ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አባቴን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። አባቴ "እናቴን መልኳን አላውቅም፤ የማውቀው የእታለምን ነው" ይሉ ነበር። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች ሲኳረፉ ደግሞ መላ የለውም። የአክስቴ ባል ተዝካር የወጣ ጊዜ አባቴ ተማሪ ለማስመረቅ ቀን ቆርጠው ነበርና ቀሩ። በሳቸው ፈንታ ገብስና ጌሾ በአህያ አስጭነው ሰደዱ። አክስቴ "የጠራሁት ወንድሜን ነው፤ ገብስማ እኔም አለኝ" አሉና አህያዋን ከነጭነቷ መለሷት። ከዚያ ወዲህ በሰው ሰላም ይባባሉ ነበር እንጂ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

በታኅሣሥ፣ ገብሱ በሚወቃበት ሰሞን፣ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። እናቱ እህል መቅመስ ከተዉ ሰንብተዋል። "ወንድሜ ይምጣና ይቅር እንባባል፤ ቂም ይዤ አፈር አልገባም" ይላሉ። በማግሥቱ ቤተ ልሔም ሄጄ አደርሁ። አባቴ ገና ሳይነጋጋ ለብሰው፣ ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሁለቱም ክርስትና የተነሡበት ደብር ጸበል ነው።

በሩን ስከፍትላቸው የውስጥ መብራቷ ቦግ አለ። አባቴ ወደ ኋላ አሉ።

"ማነው ያለ ውስጥ?"

"ማንም የለም አባ። በሩ ሲከፈት ራሷ ናት የምታበራው።"

ገብተው ተቀመጡ። በሩን ስዘጋው መብራቱ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ደክሞ ደክሞ ጠፋ። ይህን ወደዱላት። "እንግዳ እስኪደላደል ትጠብቃለች። ከብዙ ባለቤት ትሻላለች" አሉ። አንዴ ክፈቺው፣ አንዴ ዝጊው እያሉ ደጋግመው አዩት። እኔ መንገዱ ርቆብኛል፣ እሳቸው መብራት ይመርቃሉ።

ቀጥሎ ወደ ዕቃ ማስቀመጫዎቹ ዞሩ። ጠርሙሱን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው የውሃ ማስቀመጫ ተከሉት። ቆሏቸው በሩ ላይ ካለው ኪስ ገባ፤ ጭራቸው ዳሽቦርድ ውስጥ፣ መቁጠሪያቸው ከግንባራቸው በላይ የመነጽር ቦታ ውስጥ። መቋሚያቸውን ከኋላ ወንበር ላይ ለብቻው አስተኙት። "ከኔ ቤት የበለጠ ጓዳ አላት" አሉና፣ ወዲያው እጃቸው አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ላይ አረፈ።

"ይኸስ ምንድር ነው?"

"ቁልፏ።"

"ታዲያ እዚህ ተኝቶ ምን ይሠራል?"

"አይዞርም አባ። እዚህ ውስጥ መኖሩ ብቻ ይበቃታል።"

ቁልፉን አገላበጡት። "እንደ ክታብ ነዋ" አሉ። "ከሰውየው ጋር እስካለ ይጠብቃል።"

"እንደሱ በሉት።"

"ቦታውስ?"

"የትም ይሆናል።"

"የትም የተቀመጠ የትም ይጠፋል" አሉ አባቴ።

ጎማውን አይቼ ስመለስ ቁልፉ ቦታው ላይ የለም። "ጥሩ ቦታ አኑሬልሻለሁ" አሉኝ። ሳቅሁ፤ ማስነሻዋን ተጫንሁ፤ ተነሳች። መኪና ከተነሳች ሹፌር ሌላ ምን ይጠይቃል? ኋላ እንዳወቅሁት፣ ጥሩ ቦታ ያሉት ማኅደራቸው ነበር፤ ዳዊታቸውን ከትተው ትከሻቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የቆዳ መያዣ። ሳይዞር፣ ሳይነካ፣ በመገኘቱ ብቻ የሚሠራ ነገር በሳቸው ዘንድ ከዳዊት አጠገብ እንጂ ከቆሎ አጠገብ አይቀመጥም።

ቀበቶ እሰሩ ብላቸው እንቢ አሉ። "በደረቴ መስቀል አለ፤ በላዩ ላይ ገመድ አላሳልፍም።" መኪናዋም ቀበቶ አልታሰረም ብላ ጡጥ ጡጥ ማለት ጀመረች። ይህ ጩኸት መንገዱን ሙሉ አብሮን ሄደ። አባቴ "ምን ትላለች?" ሲሉ "ትቆጣዎታለች" አልኋቸው። እየቆየ ጆሯችን ለመደው።

አንድ መንደር ስንደርስ ከመንገዱ ጥግ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባቴ ደጅ ሳይሳለሙ ማለፍ አይሆንላቸውምና ማኅደራቸውን አንግተው ወረዱ። የመኪናዋ ባትሪ ደካማ ስለነበረች ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅሁ። እዚያ ደብር የሚያገለግለው ቄስ የድሮ ተማሪያቸው ኖሯል። በሩ ላይ ተሳሳሙ፤ ጉልበታቸውን ስሞ አጎንብሶ ቀረ። ብዙ ቆዩብኝ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል፣ ትከሻቸው ላይ ማኅደር የለም።

"ማኅደሩስ?"

"ዳዊቱ ገጽ ገጹ ረግፎበት፣ በክር ሰፍቶ ነው የሚደግም። የኔን ከነማኅደሩ ሰጠሁት። እኔ ቢሆን በቃሌ ነው፤ ለእታለም ምሕረት ይሁን ብዬ ነው።"

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ አባቴ እንዲህ ቀሏቸው አይቻቸው አላውቅም። መኪናዋ ጡጥ አለች፤ ከወትሮው ትንሽ ፈጠን ያለ መሰለኝ። ቁልፍ የምትመስል ቢጫ ምልክትም ከመሪው ፊት በርታ ነበር፤ ግን እዚያ ሰሌዳ ላይ ከገዛኋት ጀምሮ በርተው የማይጠፉ ምልክቶች ስላሉ ሌላ የተጨመረባቸው አልመሰለኝም። እነዚህ መኪኖች ቁልፋቸው ወርዶ ቢሄድም ሞተራቸው አይቆምም። ሳናውቀው ቁልፉን ትተን ነዳን።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ከአውድማ ገብስ ይጭናል። በእኛ አገር ቤንዚን እንደ ልብ አይገኝምና፣ ባትሪዋም በመንገዱ ሞልታለች ብዬ አጠፋሁ። አባቴ ወርደው አራሾቹን "እህሉን ያብዛላችሁ" ብለው መረቁ። ጭነቱ አልቆ መኪናው ዳር ይዞ መንገዱ ሲለቀቅ ማስነሻዋን ተጫንሁ። ዝም። ደግሜ ተጫንሁ። ባትሪው ነው ብዬ በሩን ስከፍት የውስጥ መብራቱ ቦግ ብሎ በራ፤ ባትሪ አይደለም። ያን ጊዜ ቁልፉ ትዝ አለኝ። ዳሽቦርዱን ገለበጥሁ፣ የበሩን ኪስ አራገፍሁ፣ ወንበር ሥር ገባሁ። ቆሎው በየቦታው ፈሰሰ።

"ምን ጠፋሽ?"

"ቁልፉ አባ። የት ነው ያስቀመጡት?"

 አባቴ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰድደው ማኅደሩ የነበረበትን ቦታ ዳበሱ። ከዚያ መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳያቸው ቁጣው ጠፋኝ።

ስልክ አይሠራም። ወደ ወገዳ የሚሄድ አንድ ሞተር ሳይክል መጣ፤ ግን ከኋላው ሰው፣ ከሰውየውም ኋላ ጆንያ ጭኗል። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። "ለኔ ቦታ ከሌለህ ጸበሉ ይቅደመኝ" አሉና ጠርሙሱን ሰጡት፤ ቤቱን አመለከቱት። "ወንድምሽ የላከው ነው፤ እሱም መንገድ ላይ ነው በላት።" እሺ ብሎ ሄደ። እኔ ገብስ በጫነው መኪና ዳገቱን ተመለስሁ። ቄሱ ማኅደሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት አገኘሁት፤ ሲከፍተውና ቁልፉን ሲያይ ደነገጠ። ስመለስ የሚጭነኝ ስላላገኘሁ በእግሬ ወረድሁ። ወገዳ የደረስነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ከሩቅ ልቅሶውን ሰማነው። አባቴ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም በሩን ከፈቱ።

አክስቴ ያረፉት ከቀትር በኋላ ነበር። ዘመድ ከየቦታው እስኪደርስ ብለው ቀብሩን ትንሽ አቆይተውታል፤ ሬሳው ሊገነዝ ነው። አባቴ የአክስቴን ምራት ወደ ጥግ ወስደው "ጸበሉ ደርሶላት ነበር?" አሏት። ደርሷል አለች። ሞተረኛው ግቢው በር ላይ ለሕፃን ልጅ አቀብሎ አልፏል፤ ልጁም "ከወንድምዎ የተላከ ነው" ብቻ ብሎ ሰጣቸው።

"ቀመሰችው?"

ምራቲቱ መዋሸት አልቻለችበትም መሰለኝ። "ያዙትና፣ 'ዛሬም ልኮብኝ ቀረ?' አሉ። አስቀምጡት አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።"

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ የገባቸው ሳይሆን የሰሙ መሆናቸውን ለማሳወቅ ያህል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ተከተልኋቸው። ካህናቱ ግንዘቱን ሊጀምሩ መጽሐፍ ከፍተው ነበር፤ ሲያዩዋቸው ቦታ ለቀቁ። አባቴ ተንበርክከው አፋቸውን ወደ እህታቸው ጆሮ አስጠጉ።

"እታለም፣ መንገድ ላይ ነበርሁ" አሏቸው። ደገሙት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚነገረው፣ "መንገድ ላይ ነበርሁ እኮ" አሉ። ቀኑ እየመሸ ነበርና ካህናቱ ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው።