ከመርዶው በፊት የደረሰ እቅፍ

ባለፈው ሳምንት ከሠፈራችን ማትናስ፣ ያው ልጁም አዋቂውም ከሚሰበሰብበት ቤት፣ ስልኬ ላይ መልእክት መጣልኝ። መናፈሻው ውስጥ የቆሙትን ሐውልቶች እያዩ ወላጅና ልጅ አብረው በጭቃና በቀለም የሚሠሩበት ሰድና፣ ማለትም የእጅ ሥራ ትምህርት፣ ሊከፈት ነው፤ በመጨረሻም የተሠራው ሁሉ ለሠፈር ሰው ይታያል ይላል። ትንሿ ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አነበበችና አያቴንም ይዘን እንሂድ እያለች ቁም ስቅሌን አሳየችኝ። እናያለን አልኋት። የእኔ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቅ አኩርፋ ክፍሏ ገባች። እኔም ወጡን እያማሰልሁ ቆሜ ቀረሁ። ለልጅ ምን ተብሎ ይነገራል?

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሮቫ ቴት በሚባለው ሠፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የማይሠራበት በሚበዛ ሕንፃ ውስጥ ነው። አባቴ ከአገር ቤት በመጣን በጥቂት ዓመት ስለሞተ ቤቱ የእናቴና የእኔ ብቻ ነበር። እናቴ ትምህርት ቤት ታጸዳ ነበር። ዕብራይስጧ ከሰላምታው «ሻሎም»ና ከምስጋናው «ቶዳ» ብዙም አልራቀም። ባንክም ሐኪም ቤትም አፏ እኔ ነበርሁ። ጓደኞቼ ስለ ወንድ ሲያወሩ እኔ ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት አወራ ነበር ብል ብዙም አላጋነንሁ።

በዚያ መከር ሮቫ ሄ በሚባለው ሠፈር ያለው መናፈሻ ውስጥ አንድ የብረት ሐውልት ተተከለ። ሰውዬው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ባሕሩ ያያል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ማትናሱም ይህንኑ አይቶ የቤተሰብ ሰድና ከፈተ። አስተማሪዋ ሩቲ የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሐውልቱ ወስዳን፣ አጠገቡ ማንን ብታስቀምጡ ትወዳላችሁ፣ እሱን በሸክላ ሥሩት አለችን። እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ እናቴ «አያ ይርጋን ነዋ» አለች።

አያ ይርጋ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደጋት እሱ ነው። እኛ ስንመጣ እሱ ጎንደር ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የመምጫ ፈቃድ ሲጠብቅ ኖረ። እናቴ በየዓመቱ ዘንድሮስ ይመጣል ትላለች። አልጋው እንኳ ተነጥፎ ይጠብቀው ነበር፤ እኔ እንዳልተኛበት የተከለከልሁት አልጋ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ በእግራችን እንሄዳለን። የሾላው ፍሬ መንገዱ ላይ ተጨፍልቆ ከጫማችን ይጣበቃል፤ ከበረሃ የሚመጣው ሙቅ ነፋስ ጉሮሮ ያደርቃል። እናቴ የገብስ ቆሎ ቋጥራ ትይዝና ለሰድናው ሰዎች ታድላለች። ሩሲያውያኑ ለጥርሳቸው እየፈሩ ይቆረጥሙታል፤ ሞሮኳውያኑ ጨምሪልን ይላሉ። አገር ቤት ሸክላ ሠሪ መባል ስድብ ነበር፤ ቡዳ ናችሁ እያሉ ይሸሹን ነበር ትላለች። እዚህ በሸክላ ሲጨበጨብላት ጊዜ «ጉድ እኮ ነው!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አያ ይርጋን ጓዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ አድርጋ ሠራችው። ጆሮው ትልቅ ነው ብላት፣ ዱሮም ትልቅ ነበር አለችኝ።

ዐውደ ርእዩ ሐሙስ ሊከፈት ሰኞ ዕለት አባ ፈንታ የትምህርት ቤቴ በር ላይ ጠበቁኝ። የእናቴ አጎት ናቸው፤ የቤተ ዘመዱ ሽማግሌም እሳቸው ናቸው። ጎን ለጎን ጥቂት ተራመድንና አያ ይርጋ ማረፉን ነገሩኝ። ወሬው ከጎንደር ለእሳቸው ነው የመጣው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ በስልክ አይወረወርም። ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ በማለዳ ከቤት ድረስ ተሄዶ ይነገራል። የሐዘኑ ባለቤት ከሁሉ በኋላ ይሰማል፤ ሲሰማም ደግፎ የሚይዘው ሰው በዙሪያው ሞልቶለት ይሰማል። ዘመዶቻችን ከነታንያና ከቤር ሼቫ ሰንበትን አሳልፈው እሑድ ጠዋት ሊደርሱ ተቀጣጥረዋል።

«አንቺ የቤቱ ትልቅ ነሽ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራት ስልኩን ጠብቂ» አሉኝ። «እስከ እሑድ ሆድ ይፍጀው።»

«አባ፣ ፊቷን እንዴት አድርጌ ልይ?»

«እንደ ትናንቱ እዪው፣ ልጄ። ምን ይደረግ?»

አየሁት። እንዴት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቅ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እየዘለልሁ ስይዝ እናቴ ደግሞ ወንድ የያዝሁ መስሏት ትስቅብኛለች። ማክሰኞ ዕለት ከሸክላው ሥር የሚቀመጠውን ጽሑፍ እንድጽፍላት አዘዘችኝ። «ወንድሜ፤ መንገድ ላይ ነው፣ በይ» አለችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? በዕብራይስጥ ጻፍሁት። ፊደሉን ሳታውቀው በጣቷ ዳሰስ አደረገችውና ጥሩ ነው አለች።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አዳራሹ በሰው ሞላ። እናቴ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከሸክላዋ አጠገብ ቆመች። ሩቲ ማይክራፎን ይዛ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስለ ሥራው እንዲናገር ታደርጋለች። እናቴ ልትናገር፣ እኔ ደግሞ ልተረጉም ነው። ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየሁ ወንድሜ ሊመጣ ነው ብዬ መተርጎም አንጀቴ አልቻለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ሩቲን ወደ ጥግ ስቤ የእናቴ ወንድም ሞቷልና እባክሽ ዛሬ አታናግሪያት አልኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። እጄን ጨብጣ እሺ አለችኝ። ተገላገልሁ ብዬ ተነፈስሁ።

እናቴ አታውቅም ማለት ትዝም አላለኝ። ለእኔ የሐዘኑ ባለቤት መጨረሻ እንደሚሰማ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር ነው። ለሩቲ ደግሞ እኅት የወንድሟን ሞት ከልጇ ቀድማ እንደምትሰማ ሳይነገር የሚታወቅ ነበር።

ማይክራፎኑን አስቀምጣ፣ ሰዉን እየሰነጠቀች በቀጥታ ወደ እናቴ ስትሄድ አየኋት። ልደርስባት ሮጥሁ፤ አልደረስሁም። እናቴን ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። ስለ ወንድምሽ እጅግ አዝኛለሁ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው አለቻት። እናቴ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ወንድም» የምትለዋን ቃል ለየቻት። ከሩቲ ትከሻ በላይ ዓይኗን ወደ እኔ አቀናች።

«ስለ አያ ነው? ምን አለችኝ?»

ፈገግ አልሁላት። «ወንድምሽ ያምራል አለችሽ፣ እማ።»

እናቴ ፊቷ በራ። ሩቲን መልሳ አቀፈቻት፤ ትከሻዋን ሳመቻት፤ «ቶዳ፣ ቶዳ» እያለች እጇን አልለቅ አለቻት። አያ ሲመጣ ቤታችን መጥታ አብራው እንጀራ ትቁረስ በያት አለችኝ። እኔ ታመሰግንሻለች ብቻ አልሁ። ሩቲ አንዴ እኔን፣ አንዴ የምትስቀውን እናቴን እያየች ደርቃ ቀረች። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ነገሩ ደስታ መስሏቸው አጨበጨቡ። እናቴም ለእነሱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

እሑድ ጠዋት አባ ፈንታና ዘመዶቹ መጡ። በሩን የከፈተች እሷ ናት። ነጠላቸውን አይታ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጮኸች። እንደ ወጉ ይዘው ደገፏት።

ሐዘን በተቀመጥን በሳምንቱ መካከል ሩቲ ሸክላውን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችው። አቀርቅራ ጥቂት ተቀመጠችና ሄደች። እናቴ ጋዜጣውን አልፈታችውም። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ዕለት ስታቅፈኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥር፣ ስትፈታ ቆየች።

«እኔ እኮ ወንድሜ ሞተ ስትለኝ ሳቅሁላት» አለች። እኔን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ አርባን አልፌያለሁ። አባ ፈንታ ተሳስተዋል እንዳልል፣ ሳይደገፉ መርዶ የሰሙ ሰዎች እንዴት እንደሚሆኑ አይቻለሁ። ሩቲም የሠራችው ክፉ የለም፤ አዘነች፣ አቀፈች። እኔስ ምን ልል ይገባኝ ነበር? ስንት ዓመት አስቤ ትክክለኛውን ቃል አላገኘሁትም፤ በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም።

ልጄን በመጨረሻ ባለፈው ማክሰኞ ሰድናው ወሰድኋት፤ እናቴም አብራን ሄደች። ወጣቷ አስተማሪ አያት በመምጣታቸው ደስ ብሏት እናቴን እቅፍ አደረገቻት። እናቴ እጇን አላነሣችም። የእኛ ያልሆነ ሰው ሲያቅፋት ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ በመጀመሪያ ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ የእኔን ዓይን ፈለገች። ደህና ነው፣ ምንም የለም ለማለት ቶሎ ብዬ ፈገግ አልሁላት። ያን ዕለትም ፈገግ ብዬላት ነበር።